ወደፊት ተርቦ ለሚገጠምበት ሞተር የኢንቴክ ዕቃ አመራረጥ፦ ደረጃ በደረጃ

ተርቦ፣ ማለትም አየርን ጨቁኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ ለማስገጠም አስበው ገንዘቡ እስኪሟላ «እስከዚያው ኢንቴኩን (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበትን መንገድ) ላሻሽል» የሚሉ ባለመኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድን ዕቃ ሁለቴ ይገዛሉ። ዛሬ የገጠሙት ረጅም የአየር ቱቦ ተርቦው ሲመጣ ቦታ ያጣል። በመፋቅ የሰፋው ስሮትል ቦዲ (ፔዳሉ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር በር) ግፊት ሲያገኘው በዘንጉ በኩል ያፈሳል። ለከፍተኛ ዙር ተብሎ የተገዛው ማኒፎልድ (አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ደግሞ ተርቦው እስኪገጠም ድረስ መኪናውን ዳገት ላይ ደካማ ያደርገዋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በኢንጀክተር ለሚሠራ የቤንዚን ሞተር ነው።

## ሁለቱን ድንበሮች ይለዩ

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት በአየሩ መንገድ ላይ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። የሚወስኑት ሁለት ድንበሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ድንበር ስሮትሉ ነው። ከስሮትሉ ወደ ውስጥ ያለው፣ ማለትም ማኒፎልዱ፣ ጋርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) የአየር መግቢያና ቫልቩ፣ ተርቦ ቢመጣም ባለበት ይቆያል። ከስሮትሉ ወደ ውጭ ያለው ቱቦ ግን በሙሉ ይነሳል፤ ፊልትሮውና ማፍ ሴንሰሩም (የሚገባውን አየር ክብደት በሽቦ የሚለካው) ቦታ ይቀይራሉ።

ሁለተኛው ድንበር የተርቦው ኮምፕረሰር ነው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ኮምፕረሰሩ አየሩን ጨቁኖ ያልፋል፤ ስለዚህ ከእሱ በኋላ ያለው መንገድ የሚያስተላልፈው የአየር ክብደት ቢጨምርም ይዘቱ (በሊትር የሚለካው) ያለ ተርቦ ከነበረው ብዙም አይለይም። ሞተሩ በአንድ ዙር የሚውጠው ይዘት ያው ነውና። ከኮምፕረሰሩ በፊት ያለው መንገድ ግን ያንን ሁሉ ክብደት ገና ሳይጨቆን መሳብ አለበት። ስለዚህ ከተርቦው በፊት የሚፈለገው ስፋት ነው፤ ከተርቦው በኋላ የሚፈለገው ጥንካሬና አለማፍሰስ ነው። ገበያው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ትልቅ ስሮትል ከትንሽ ፊልትሮ ጋር።

## የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

- የሴንሰሮችን ቁጥር ሞተሩ እየሠራ የሚያሳይና የሚቀዳ ስካነር
- የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ ቢገኝ ከሲሊንደሩ የሚያፈሰውን አየር በመቶኛ የሚለካ መሣሪያም
- ቫኪዩምንም ግፊትንም የሚያነብ ጌጅ
- ካሊፐር፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና የክፍተት መለኪያ ቅጠሎች
- የቶርክ ቁልፍ
- የሳሙና ውሃ በመርጫ ዕቃ
- በቱቦ አፍ ላይ የሚገጠም መዝጊያ ክዳን፣ መሃሉ ላይ የጎማ ቫልቭ ያለው
- የግፊት መቆጣጠሪያ ያለው የአየር ኮምፕረሰር

## ደረጃ 1፦ ሞተሩ ተርቦ የሚሸከም መሆኑን ያረጋግጡ

1. ሞተሩን ያሙቁ። ካንዴላዎቹን በሙሉ ይፍቱ፤ ቤንዚኑንና የካንዴላውን ኤሌክትሪክ ያቋርጡ።
2. የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጠው እያስነሱ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለኩና ይጻፉ።
3. ከፍተኛውና ዝቅተኛው ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቁ እዚህ ላይ ይቁሙ።

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ጎልቶ ከወጣ የፒስተን ፋሻ (ቀለበቱ) አልቋል። ካልተነቃነቀ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታ ጋርኒሲዮን ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ ለኢንቴክ የታሰበው ገንዘብ ለሞተሩ ጥገና መዋል አለበት። ያለቀ ፋሻ በቡስት ጊዜ፣ ማለትም ግፊቱ ከከባቢ አየር በላይ ሲሆን፣ ጋዙን ወደ ዘይቱ ክፍል ይገፋል፤ የዘይት ጭሱ ተመልሶ ኢንቴኩን ያቆሽሻል።

የሞተሩን የመጨቆን ምጣኔም ከመጽሐፉ ያንብቡ። ያለ ተርቦ የተሠሩ ብዙ ሞተሮች 10 ለ 1 ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ውስጣቸው ሳይነካ የሚታሰበው ቡስት ዝቅተኛ፣ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር አካባቢ መሆን አለበት። ዒላማዎን አሁኑኑ ይጻፉ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ በዚያ ቁጥር ይወሰናል።

## ደረጃ 2፦ ሞተሩ የሚውጠውን አየር ያስሉ

ስሌቱ ይህ ነው፦ የሞተሩ ሊትር × ከፍተኛው ዙር በደቂቃ ÷ 2 × የመሙላት ብቃት። ለተለመደ ሞተር የመሙላት ብቃቱን፣ ማለትም ሲሊንደሩ በአየር ምን ያህል እንደሚሞላ፣ 0.85 ይያዙ።

ምሳሌ፦ 2.0 ሊትር ሞተር በ6,500 ዙር፣ 2 × 6,500 ÷ 2 × 0.85 = 5,525 ሊትር በደቂቃ። አንድ ሊትር አየር በባሕር ወለል ከፍታ 1.2 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ይህ በሰከንድ 110 ግራም ይሆናል።

0.5 ባር ቡስት ሲጨመርና ኢንተርኩለሩ (ከተርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) አየሩን ወደ 45 ዲግሪ ሲያወርደው ቁጥሩ በሰከንድ 155 ግራም ገደማ ይደርሳል። ጭማሪው 1.4 እጥፍ ነው። በጠባብ ቦታ የሚጠፋው ግፊት ደግሞ ከፍሰቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ዛሬ 2 ኪሎፓስካል የሚያጠፋ ፊልትሮ ያን ጊዜ 4 ያጠፋል።

ከፍ ባለ አገር የሚነዱ ከሆነ ስሌቱን ያስተካክሉ። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት 80 ኪሎፓስካል (0.8 ባር) ገደማ፣ ክብደቱም በሊትር 1 ግራም አካባቢ ነው። እዚያ 0.5 ባር ለመጨመር ተርቦው አየሩን 1.63 እጥፍ መጨቆን አለበት፤ በባሕር ወለል ግን 1.5 እጥፍ ይበቃዋል። አብዝቶ የጨቆነ ተርቦ አየሩን አብዝቶ ያሞቃል፤ የኢንተርኩለሩን መጠን ሲመርጡ ይህንን ይዘው ይሂዱ።

## ደረጃ 3፦ ያለው ኢንቴክ የሚያንቅ መሆኑን ይለኩ

ይህን ደረጃ ዘሎ ዕቃ መግዛት በጭፍን መግዛት ነው። ማፕ ሴንሰር (በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት የሚለካ) ካለዎት ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

1. ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። ማፕ ሴንሰሩ የሚያሳየውን ቁጥር ይጻፉ፤ የዕለቱ የአየር ግፊት ነው።
2. ለትራፊክ ዝግ በሆነ መንገድ ወይም በዳይኖ (መኪናው ባለበት ቆሞ ጉልበቱ የሚለካበት መሣሪያ) ላይ፣ በ3ኛ ማርሽ ከ2,500 ዙር ጀምሮ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ይርገጡ። ስካነሩ ይቅዳ።
3. በመጨረሻዎቹ 500 ዙሮች የታየውን ቁጥር ከመጀመሪያው ይቀንሱ።

ልዩነቱ 3 ኪሎፓስካል ወይም ያነሰ ከሆነ የፋብሪካው ኢንቴክ አያንቅም፤ ያለ ተርቦ የሚያገኙት ጥቅም አይታወቅዎትም። ከ5 በላይ ከሆነ የሚያንቀውን ቦታ ይፈልጉ። ጌጁን በፊልትሮውና በስሮትሉ መካከል ሰክተው ሙከራውን ይድገሙ። አብዛኛው ኪሳራ እዚያ ከታየ ጥፋቱ ፊልትሮ ወይም ቱቦ ነው። ካልታየ ስሮትሉ ወይም ማኒፎልዱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፊልትሮውን አውጥተው አይሞክሩ። አቧራው በአንድ ጉዞ የማፉን ሽቦ ያቆሽሻል፤ በቆይታ ሲሊንደር ይፍቃል።

## ደረጃ 4፦ ፊልትሮና የመሳቢያ ቱቦ

አሁን ገዝተው ተርቦው ሲመጣም የሚጠቀሙበት ዋናው ዕቃ ፊልትሮ ነው፤ ስለዚህ ለ155 ግራሙ ይግዙት።

- አንገቱ ወደፊት ለሚገጠመው የመሳቢያ ቱቦ የሚሆን ይሁን። ለምሳሌያችን ሞተር 76 ሚሊ ሜትር ቱቦ ምቹ ነው፤ አየሩ በሰከንድ 31 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ63 ሚሊ ሜትር ቱቦ ግን ወደ 46 ሜትር ይወጣል።
- የማጣሪያ ወረቀቱ ስፋት ከአንገቱ እኩል ዋጋ አለው። አንገቱ ሰፊ ሆኖ ቁመቱ አጭር የሆነ ኮን ፊልትሮ ቶሎ ይደፈናል።
- ደረቅ ፊልትሮ ይምረጡ። ዘይት የሚቀባው የጥጥ ፊልትሮ ትንሽ ከበዛበት ዘይቱ ማፉ ሽቦ ላይ ይለጠፋል። ተርቦ ባለበት ሞተር የተሳሳተ የማፍ ንባብ ፒስተን ያስከፍላል።
- ቦታው ቀዝቃዛ ይሁን። አየሩ 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ክብደቱ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ተርቦ ያለበት የሞተር ክፍል ደግሞ ከአሁኑ በጣም ይሞቃል፤ ክፍት ፊልትሮ ከጭስ ማውጫው አጠገብ አያስቀምጡ። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ የሚገባው አየር ከውጭው ከ15 ዲግሪ በላይ ከሞቀ መጋረጃ ይሥሩለት።
- ከመከላከያው በታች አያውርዱት። ውሃ አይጨቆንም። ኩሬ ውስጥ ውሃ የሳበ ሞተር ኮኔክቲንግ ሮዱ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ዘንግ) ይታጠፋል።

የፋብሪካው የፊልትሮ ሳጥን በደረጃ 3 ካለፈ አይንኩት። ቀዝቃዛ አየር ከፊት ይስባል፣ ውሃ ይከላከላል፤ ለዝቅተኛ ቡስት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የመሳቢያ ቱቦውን ግን ዛሬ አይግዙ። የተርቦው አፍ ወዴት እንደሚዞር ሳይታወቅ የታጠፈ ቱቦ መግዛት አይቻልም። ወደፊት ሲገዙ የሲሊኮን ክፍሎቹ ውስጣቸው ሽቦ ያለበት ይሁን። ያለ ሽቦ ለስላሳው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) በመሳብ ኃይል ይጣበቃል፤ መኪናው ልክ ሙሉ ኃይል ሲፈለግበት ይታነቃል።

## ደረጃ 5፦ ማፍ ሴንሰር

ማፍ የሚያነበው በሽቦው አጠገብ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ቀሪውን የሚገምተው ከቱቦው ስፋት ነው። ስለዚህ ያንኑ ሴንሰር ከ70 ወደ 80 ሚሊ ሜትር ቤት ቢያዛውሩት የቱቦው ስፋት 1.31 እጥፍ ይሆንና ንባቡ ከእውነቱ ሩብ ገደማ ያንሳል። ቤንዚን ይጎድላል። በቀስታ ሲነዱ ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰር ይደግፈዋል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ግን ድጋፉ የለም፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል።

1. የአሁኑ ማፍ በከፍተኛ ዙር የሚያሳየውን ግራምና ቮልት ይቅዱ።
2. ቮልቱ አሁን፣ ያለ ተርቦ፣ ከ4.5 በላይ ከሆነ ለቡስት ቦታ አልቀረውም። 5 ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን አየር አያየውም።
3. ቦታ ከሌለው ምርጫዎ ሁለት ነው፦ ሰፊ ማፍ ከኮምፒውተር ማስተካከያ ጋር፣ ወይም በማፕ ሴንሰር ብቻ ወደሚሠራ የኮምፒውተር ካርታ (ቤንዚኑ የሚወሰንበት ሠንጠረዥ) መዛወር። ሁለቱም ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ ስለሚፈልጉ ዕቃውን ከመግዛትዎ በፊት ከሚሠራልዎ ሰው ጋር ይስማሙ።
4. ማፉን ከመታጠፊያ ጋር አያጣብቁት። ከፊቱና ከኋላው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ ይተዉለት።

## ደረጃ 6፦ ማፕና የአየር ሙቀት ሴንሰር

የፋብሪካው ማፕ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከከባቢ አየር ግፊት ብዙም በላይ አያነብም። 2 ባር ሴንሰር እስከ 1 ባር ቡስት፣ 3 ባር ሴንሰር እስከ 2 ባር ቡስት ያያል፤ ቁጥሩ የሚቆጠረው ከባዶ ስለሆነ ነው። ዒላማው 0.5 ባር ከሆነ 2 ባር ወይም 2.5 ባር ይበቃል። ትልቁን መግዛት ሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ያለውን ንባብ ሻካራ ያደርገዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ አዲሱን ሴንሰር ሰክተው ኮምፒውተሩን ሳያስተካክሉ ሞተሩን አያስነሱ። ትልቁ ሴንሰር ለዚያው ግፊት ዝቅ ያለ ቮልት ይልካል፤ ኮምፒውተሩ አየር የቀነሰ ይመስለውና ቤንዚን ይቆርጣል።

የሙቀት ሴንሰሩ ከማፉ ጋር የተጣመረ ከሆነ የሚለካው ከተርቦው በፊት ያለውን አየር ነው። 25 ዲግሪ የገባ አየር ግን ኮምፕረሰሩ በ70 በመቶ ብቃት 1.5 እጥፍ ሲጨቁነው 77 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከኢንተርኩለሩ በኋላ ለሚገጠም ሁለተኛ ሴንሰር ቦታና ሽቦ ያቅዱ።

## ደረጃ 7፦ ስሮትል ቦዲ

ደረጃ 3 ስሮትሉን ካልከሰሰ አይቀይሩት። ከላይ እንዳየነው በቡስት ጊዜም የሚያልፈው የአየር ይዘት ያው ነው። ከ60 ወደ 65 ሚሊ ሜትር መሄድ አፉን በ17 በመቶ ያሰፋዋል፤ ፔዳሉ ግን በትንሽ ንክኪ ይዘላል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነም ሚኒሞው ይረበሻል።

መደረግ ያለበት ይህ ነው፦ ስሮትሉን ይፍቱ፣ ጥቀርሻውን በስሮትል ማጽጃ ይጥረጉ፣ ከዚያ ዘንጉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁ። ከተነቃነቀ ይቀይሩት። ዛሬ ትንሽ አየር የሚስበው ክፍተት ነገ ግፊት ያፈስበታል። የተፋቀ ስሮትል አይግዙ፤ ሳህኑ ሲዘጋ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሚኒሞ አይረጋለትም።

ለየሲሊንደሩ የተለየ ስሮትል መግጠም ደግሞ ለዚህ ዓላማ መጥፎ ምርጫ ነው። አራት ዘንግ ማለት ስምንት የማፍሰሻ ቦታ ማለት ነው፤ ለፍሬኑ፣ ለማፑና ለተርቦው መቆጣጠሪያ የተረጋጋ ቫኪዩምም አይገኝበትም።

## ደረጃ 8፦ ማኒፎልድና ጋርኒሲዮን

ረጅም መንገድ ያለው ማኒፎልድ በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ጉልበት ይሰጣል፤ አጭሩ ወደ ላይኛው ዙር ያሸጋግረዋል። ተርቦ እስኪነቃ ድረስ መኪናው የሚኖረው በዝቅተኛው ጉልበት ነውና ለ0.5 ባር የፋብሪካውን ማኒፎልድ ማቆየት የተሻለ ነው። ገንዘቡን ለጤናው ያውሉት፦

1. ማኒፎልዱን ፈትተው በውስጡ የተጋገረውን ዘይትና ጥቀርሻ ያጥቡ፤ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።
2. በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚን የሚረጭ ሞተር ከሆነ የመግቢያ ቫልቮቹን ይመልከቱ። ቤንዚን ስለማያጥባቸው ጥቀርሻ ይከምራሉ። ሲያጸዱ የዚያ ሲሊንደር ቫልቭ የተዘጋ መሆኑን ያረጋግጡ።
3. የሚጋጠመውን ፊት በማስመሪያና በቅጠል ይለኩ። ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ከታጠፈ ያስልጉት።
4. ፕላስቲክ ከሆነ ሁለቱ ግማሾች የተበየዱበትን መስመር በብርሃን ይመርምሩ። የሳሳ ወይም የተሰነጠቀ መስመር በቡስት ይከፈታል፤ አይጠግኑት፣ ይቀይሩት።
5. አዲስ ጋርኒሲዮን ይጠቀሙ። የጋርኒሲዮኑን ቀዳዳ ከቴስታታው ጋር ያስተያዩ፤ የማኒፎልዱ ጠርዝ ወደ አየሩ መንገድ ከገባ በጥንቃቄ ይፋቁት። የቴስታታው ቀዳዳ በትንሹ ቢሰፋ ችግር የለም፤ ተቃራኒው ግን ለአየሩ ግድግዳ ነው።
6. ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ መጽሐፉ በሚለው ቶርክ ይጠብቁ።

## ደረጃ 9፦ ትንንሾቹ ቱቦዎች

ማኒፎልዱ ላይ የተሰካ ቱቦ ሁሉ እስከ ዛሬ ሲሳብ ኖሯል፤ ነገ ይገፋል። ያለ ፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ) የተሰካው ይነቀላል።

- የፒሲቪ ቫልቩን (ከዘይት ክፍሉ የሚወጣውን ጭስ ወደ ማኒፎልዱ የሚያስገባውን) ይቀይሩ። በአንድ በኩል ነፍተው አየር ማሳለፉን፣ በሌላው ማገዱን ያረጋግጡ። በቡስት ጊዜ የማያግድ ቫልቭ ግፊቱን ወደ ዘይት ክፍሉ ያስገባና የክራንክ ዘይት ማኅተም ያስተፋል።
- የፍሬን ሰርቮውን የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ በተመሳሳይ መንገድ ይፈትሹ። ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ጥርጣሬ ካለዎት አዲስ ይግዙ።
- የዘይት ጭስ ማጣሪያ ዕቃ ከፈለጉ አሁን መግጠም ይችላሉ፤ ተርቦውም ሲመጣ ያገለግላል። ባዶ ቆርቆሮ አይሁን፣ ውስጡ መከፋፈያ ወይም የብረት ሱፍ ይኑረው።
- የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ሁሉ ይጣል። ዘይት ጭስ የሚያልፍበት ቦታ ተራ ሲሊኮን አይስማማውም፤ ዘይት የሚችል ውስጠኛ ሽፋን ያለው ይሁን።

## ደረጃ 10፦ ገጥመው ሲጨርሱ የማፍሰስ ሙከራ

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ፣ ቁልፉ የተዘጋ ይሁን። ክዳኑን በስሮትሉ አፍ ላይ ይግጠሙ፤ የፋብሪካው የፊልትሮ ሳጥን ግፊት አይይዝም። ስሮትሉን በፕላስቲክ ቁራጭ ትንሽ ከፈት ያድርጉት፤ ሲጨርሱ ማውጣቱን አይርሱ።
2. የፒሲቪውን ቱቦ ከማኒፎልዱ ነቅለው ቀዳዳውን ይድፈኑ። የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ።
3. በ0.2 ባር ይጀምሩ። የሳሙና ውሃ በጋርኒሲዮኑ፣ በስሮትሉ ዘንግ፣ በኢንጀክተሮቹ ሥርና በቱቦዎቹ ላይ ይርጩ።
4. አረፋ ካልታየ ወደ 0.5 ባር ያሳድጉ። በዚህ ጊዜ ከክዳኑ ፊት ለፊት አይቁሙ።

በጭስ ማውጫው በኩል ኃይለኛ የአየር ድምፅ ከሰሙ ቫልቮች በአንድ ላይ ተከፍተው ይሆናል፤ ክራንኩን በእጅ ትንሽ አዙረው ይድገሙ። በዘይት መሙያው የሚወጣ ቀጭን አየር በፋሻ በኩል የሚያልፍ ነው፤ ብዙ ከሆነ ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ።

## ከተገጠመ በኋላ ችግር ሲታይ

ሚኒሞ ይወጣል ይወርዳል። ፊውል ትሪሙን (ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ቤንዚን በመቶኛ) በስካነሩ ይመልከቱ። በሚኒሞ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን እየጨመረ፣ ዙሩ ሲወጣ ግን ወደ ዜሮ የሚመለስ ከሆነ ከማፉ በኋላ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ደረጃ 10ን ይድገሙ።

ትሪሙ በጭነት ጊዜ እየጨመረ ይሄዳል። ማፉ አሳንሶ እያነበበ ነው ወይም የቤንዚን ግፊት ይጎድላል። ማፉን ለማፍ ተብሎ በተሠራ ማጽጃ ብቻ ይርጩ፤ በጨርቅም በጣትም አይንኩት። ካልተለወጠ የቤንዚን ፓምፑንና የቤንዚን ፊልትሮውን ይለኩ። ይህ ሳይፈታ ተርቦ አይገጠምም።

ሲቀዘቅዝ ጥሩ ነው፣ ሲሞቅ ይደክማል። ሞቃት አየር እየሳበ ነው። የሚገባውን አየር ሙቀት ቆሞም እየሄደም ይቅዱ። ቆሞ ብቻ ከሞቀ የተለመደ ነው፤ እየሄደም ካልወረደ የፊልትሮውን ቦታ ይቀይሩ ወይም ይጋርዱ።

የፉጨት ድምፅ። ከስሮትሉ አካባቢ ከሆነ ጋርኒሲዮኑ ተዛብቶ ተቀምጧል። ፈትተው አዲስ ያድርጉ፤ ቡሎን አጥብቆ ለማስቆም አይሞክሩ፣ የአሉሚኒየም ጥርስ ይበላል።

ኮፈኑ ተዘግቶ ቱቦው ይፋተጋል። ሞተሩ ሲረገጥ በጎማ መቀመጫዎቹ ላይ ይወዛወዛል። በቱቦውና በሚነካው ነገር መካከል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፤ ከዚያ በታች ከሆነ በመጀመሪያ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች ይፈትሹ።